ለሁለት ሰው የታቀደ የስኪ ጉዞ

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላት ወዲህ ከእኔ ጋር መታየት አትወድም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከመኪና ወርዳ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ትራመዳለች፤ ገበያ ስንሄድ መኪናው ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ወጥ ቤት ቆማ ሲሪያሏን እየበላች፣ «ማም፣ በዚህ ዊንተር ስኪ እንሂድ። አንቺና እኔ ብቻ» ስትለኝ የማጥበው ሰሃን ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ብቻ ስትዪ?»

«ብቻ ነዋ! አባዬ የለ፣ እንግዳ የለ፣ ማንም የለ።»

እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ እስከ ዛሬ የተግባባነው እንዲህ ነው። እዚህ የእሷን ንግግር ተርጉሜ ነው የምጽፈው፤ አሳምሬው ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ወዲያው ቀነ ገደብ አስቀመጠችልኝ። የጓደኛዋ ቤተሰቦች በጃንዋሪ መጨረሻ ቅዳሜ ስኪ ሊሄዱ ነው፤ እንዳምናው እሷንም ጋብዘዋታል። «ከጥምቀት በኋላ እስካለው እሁድ የት እንደምንሄድ ካልወሰንሽ፣ ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ።» ጥምቀትን የጠራችው አጥባቂ ሆና አይደለም። የፈረንጅ ቀን ብትሰጠኝ እንደምዘናጋ፣ በዓል ግን እንደማልረሳ ስለምታውቅ ነው።

«ሁለት ወር እኮ ነው!» አልኳት። «በሁለት ወር አንድ ተራራ መምረጥ ያቅተኛል?»

ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ አየችኝ።

እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት እዚሁ ሚኒሶታ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ከሥራ መልስ በሚሰጥ ትምህርት ነው። ትምህርት ዘግይቶ የደረሰው ሰው የተጻፈ ነገር ሁሉ ያሳምነዋል፤ ስለ እሱ ያላነበበውን ነገር ደግሞ መንካት ይፈራል። እኔ የሩዝ ከረጢት ላይ ያለውን መመሪያ እንኳ እስከ መጨረሻው ነው የማነበው። ሥራዬም አላሻለኝም። ፕሊማውዝ ውስጥ የሕክምና ዕቃ የሚታሸግበት ቤት ነው የምሠራው፤ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ሌብል ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ። አንዲት ነጥብ ከጎደለች ሳጥኑን መልሼ እልከዋለሁ። በአጭሩ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ስለምጠራጠር ነው።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብዬ ስለ ስኪ የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ተዋስኩ። አንድ ደብተር ገዛሁና በማስመሪያ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። አምስት ቦታ መረጥኩ፦ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ የሚርቅ አንድ ኮረብታ፣ ሁለት ዊስኮንሲን ያሉ፣ አንድ ከዱሉዝ ከተማ አልፎ ትልቁ ሐይቅ ዳር ያለ፣ አንድ ደግሞ ሚሽጋን። የሃያ ደቂቃውን ቁመት ሳነብ ሳቄ መጣ። አገር ቤት ቢሆን ዳገት እንጂ ተራራ የሚለው ሰው አይገኝም ነበር፤ እዚህ ግን አሥራ ምናምን መንገድ አውጥተውለት፣ ለእያንዳንዱ መንገድ ስም ሰጥተው፣ ካርታ አትመውለታል።

ከዚያ የሰው አስተያየት ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ «በረዶው ድንጋይ ነው፣ እንዳትሄዱ» ብሎ አንድ ኮከብ ይሰጣል። እዚያው ቦታ በዚያው ቀን የሄደች ሴት «ሾርባው ግሩም ነው» ብላ አምስት ኮከብ ትሰጣለች። ስለ ሾርባ ማን ጠየቃት? ቢሆንም «ሾርባ» የሚል አምድ ጨመርኩ። ሾርባ ካለ ደግሞ ጾም አለ። ዓርብ ማታ ከደረስን ምን እንበላለን? ወደ አምስቱም ቦታ ደወልኩ። ሚሽጋን ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ታጋሽ ነበረች።

«ድንቹን የምትጠብሱበት ዘይት ዶሮ የሚጠበስበት ነው?»

«ይቅርታ፣ የስኪ ቦታ ነው የደወሉት።»

«አውቃለሁ። ዘይቱን ነው የጠየቅሁት።»

ጠይቃ ተመልሳ «አንድ ነው» አለችኝ። ሚሽጋን ነጥብ ተቀነሰበት።

ሦስቱንም መጻሕፍት ከጨረስኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ለብቻዬ ወደ ቅርቡ ኮረብታ ነዳሁ። ከመኪና አልወረድኩም። ማሞቂያውን ከፍቼ፣ ደብተሬን መሪው ላይ አስደግፌ፣ የሚወድቀውን ሰው ቆጠርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው ወደቀ። ሃያ ሦስቱም ሳቁ። ይህን በየትኛው አምድ እንደማገባው ጠፋኝ።

ልጄ በየሳምንቱ «ወሰንሽ?» ትለኛለች። «እየተጣራ ነው» እላታለሁ። የገና ጾም ሳይፈታ አሥራ አራት አምድ ሞልቶ ነበር። የዝርዝሩን ራስጌ የያዘው ሐይቁ ዳር ያለው ነበር፤ ከተራራው ሥር አንዲት ጎጆ ያከራያሉ፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ መስኮቷ ወደ ሐይቁ። እሱን መርጬ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በወር አንዴ የምንሰበሰብበት የማርያም ማኅበር አለን። ስምንት ሴቶች ነን። የታኅሣሡ ተራ የእማማ ነበር። እማማ የምንላቸው የማኅበሩን ታላቅ ነው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ከአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ጡረታ ወጥተዋል፣ የሚፈሩት ሰው የለም። ደብተሩን ከቦርሳዬ ሳወጣ አጠገቤ የተቀመጠችው የማኅበራችን ነርስ አየችው።

«ምንድን ነው እሱ? ዛሬም ትምህርት አለብሽ?»

«አይ፣ ከልጄ ጋር ስኪ ልንሄድ ቦታ እያማረጥኩ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«በፈቃድሽ?» አለች ነርሷ። «እኛ እኮ እንዳንንሸራተት ብለን ነው ደጃፋችን ላይ ጨው የምንበትነው!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን ሰባት ሴቶች እያዩኝ ነው። ከልጄ ጋር ለብቻችን ልንዝናና ነው ብዬ ዝም ማለት፣ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ብቻዬን የበላሁ ያህል ተሰማኝ። ይሉኝታ ያዘኝ፤ አፌም ያለ እኔ ፈቃድ ተከፈተ።

«ታዲያ እናንተም ኑ እንጂ!»

እንዲህ ያለ ግብዣ መልሱ የታወቀ ነው። ተጋባዡ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ጊዜ» ይላል፤ ጋባዡ አንዴ ይለምናል፤ ተጋባዡ አንዴ ይግደረደራል፤ ነገሩ በሰላም ያልቃል። ነርሷ ግን ዓይኔን እያየች «እሺ» አለች። አንድም አልተግደረደረችም። አንዷ እሺ ካለች በኋላ ደግሞ አልሄድም ማለት መናቅ ይመስላል።

«እሷ ከሄደች እኔ ምን ይዞኝ እቀራለሁ?» አለች ሁለተኛዋ።

«የባለቤቴ ቫን ዘጠኝ ሰው ይይዛል» አለች ሦስተኛዋ።

«ቁልቁሉስ ይሁን» አሉ እማማ። «ሽቅቡን ማን ያወጣናል?»

«በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ወንበር አለ እማማ» አልኳቸው። « ተቀምጠው ነው የሚወጡት።»

«ተቀምጬ? ተራራ ላይ?» እጃቸውን አጨበጨቡ። «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ መንገድ!»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሽሮው በማን ፍላስክ እንደሚሄድ፣ ድፎ ዳቦውን ማን እንደሚደፋ ተወሰነ። በሳምንቱ ደግሞ ስልክ መጣ። የአንዷ ወንድም ከዳላስ መጥቷል፣ በረዶ አይቶ አያውቅም፣ ይምጣ? ይምጣ። የሌላዋ ባል ወገቡን ያመዋል፣ ግን ቁጭ ብሎ ያየናል፣ ይምጣ? ምን ችግር አለው። ገና ሲደርስ አሥራ አንድ ሰው ሆነው ነበር፤ እኔና ልጄን ሳይጨምር።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ መጋበዜ አይደለም። የሚያሳፍረኝ ወደ ደብተሬ መመለሴ ነው። አዲስ አምዶች አሰመርኩ፦ ሰፊ አዳራሽ፣ ወንበር ለማይንሸራተት ሰው፣ የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል ወይ። ዝርዝሩ ተገለባበጠ። ሐይቁ ዳር ባለችው ጎጆ ትይዩ «ሁለት አልጋ ብቻ» ብዬ ጻፍኩና በማስመሪያ ሰረዝኳት። በገዛ እጄ ይህን ስጽፍ እንኳ አልነቃሁም። ሥራው ጠርቶ ስለወጣልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀነ ገደቡ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውጤቱን በኮምፒውተር ጽፌ፣ አትሜ፣ በሁለት ገጽ አቀረብኩላት። ዊስኮንሲን ያለ፣ አዳራሹ መቶ ሃያ ሰው የሚይዝ ቦታ ነበር ያሸነፈው። ልጄ ፈገግ ብላ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ የተጓዦች ዝርዝር አለ። እሱ ላይ ስትደርስ ፈገግታዋ ቆመ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የማኅበር ሰዎች ናቸው። ታውቂያቸዋለሽ እኮ።»

«ፋይን» አለች።

«ምን ማለት ነው ፋይን?»

«ፋይን ማለት ፋይን ነው፣ ማም።» ወረቀቱን አጥፋ በሁለት እጇ መለሰችልኝ፤ ለእንግዳ እንደሚሰጥ። ክፍሏ ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር። ከበሩ ጀርባ ለጓደኛዋ በስልክ «አዎ፣ ከእናንተ ጋር እመጣለሁ» ስትል ሰማኋት።

ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ ሻኮፒ መጋዘን ነው የሚሠራው። በእረፍቱ ሰዓት ደወልኩለት።

«በቃ ሰዎቹን አትምጡ በያቸው» አለኝ።

«አብደሃል? ምን ብዬ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱንማ እንዴት ይባላል!»

«እንግዲያው በረዶው ቀልጧል በያቸው።»

«በጥር? ሚኒሶታ ውስጥ?»

«ታዲያ ምን ላድርግሽ? እኔ መንሸራተት ሲያምረኝ የመሥሪያ ቤቴ መኪና ማቆሚያ ይበቃኛል።» ደወል ተደወለና ወደ ሥራው ሄደ።

ለማኅበሩ የሚላክ መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ውሸት ነበረበት። ሁለተኛው ይቅርታው በዛ፤ ሰው የሞተ ይመስላል። ሦስተኛው አጭር ሆኖ ስድብ መሰለኝ። ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ አጠፋሁ። የሰው ሳጥን በአንዲት ነጥብ የምመልስ ሴት፣ ሰው መመለስ አቃተኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እማማ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ከተቀየሙ የቀሩት ምን ቢሉኝ ለውጥ የለውም ብዬ ነው።

ነጠላቸውን ሳያወልቁ አስቀመጡኝ። ዝርዝር ነገሩን ተውኩት።

«እማማ፣ ልጄ ከእኔ ጋር ብቻ ነበር መሄድ የፈለገችው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ቆይ» አሉ። «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«ራሷ ጠይቃሽ? ሳትለምኛት?»

«ራሷ።»

«ከእናቷ ጋር ብቻ አለች?»

«አዎ።»

«እና አንቺ አሥራ አንድ ሰው ጨመርሽባት።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጅል!» አሉኝ። እንዲህ ያለ ስድብ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት፤ ደስ አለኝ። «ስልክሽን አምጪ። ድምፁን ክፈቺው። እኔ ነኝ የምናገረው።»

ከነርሷ ጀመሩ። «ጉዞው ቀርቷል፤ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው የሚሄዱት» አሏት።

«ውይ፣ እንዴት ያሳዝናል» አለች ነርሷ፤ ድምፅዋ ግን ሲዘፍን ይሰማል። «እኔማ ያን ቀን ሥራ ቀይሬ ነበር እኮ! በቃ ምን ይደረጋል… አይ፣ ምንም አይደል። ኧረ ምንም አይደል!»

«መሄድ ካልፈለግሽ ለምን እሺ አልሽ?» አልኳት ጣልቃ ገብቼ።

«ቀልዴን ነበራ! ትለምኚኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ሌሎቹ እሺ አሉ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል?»

ስለ ቫኑ የተናገረችው፣ ባሏ ከገና ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እግሩ ሲሰበር እያለመ እንደሚነሳ ነገረችን። የዳላሱ ወንድም ወደ ዳላስ ተመልሷል፤ የነገረን ሰው አልነበረም። አንድ በአንድ ደወልን፣ አንድ በአንድ አዘኑ፣ አንድ በአንድ ተገላገሉ። አንድም ሰው መሄድ አልፈለገም ነበር። አንድ ወር ሙሉ አሥራ አንድ ሰው እርስ በርሱ እየተፈራራ ወደ ተራራ ሊሄድ ይዘጋጅ ነበር።

ስልኩን ስዘጋ እማማ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

«እኔ ግን ከልቤ ነበር» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«መሄድ እፈልግ ነበር። ሱሪ ሁሉ ገዝቻለሁ።» ከአልጋቸው ሥር አወጡና አሳዩኝ፤ ወይን ጠጅ፣ ከጉልበቱ ላይ ድርብ የሆነ የበረዶ ሱሪ። በዘመናቸው ሱሪ ለብሰው የማያውቁ ሴት ናቸው። አፌ ሊከፈት ሲል ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ዋ! እንዳትጋብዢኝ። አሁን እሺ እልሻለሁ።»

ቤት ስደርስ የልጄን በር አንኳኳሁ። አልጋዋ ላይ ነበረች።

«ሁሉም ቀርተዋል» አልኳት። «ከፈለግሽ ሁለታችን ብቻ ነን።»

«ለእነሱ እሺ ብያቸዋለሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። መብትሽ ነው።»

ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ደብተሩን አልያዝኩም። «የት ወሰንሽ?» አለችኝ።

«አልወሰንኩም። አንቺ ምረጪ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሃያ ደቂቃ የሚርቀው» አለች። «እዚያ ትንሽ ስለሆነ ላስተምርሽ እችላለሁ።»

በእኔ ሰንጠረዥ አምስተኛ ነው። ከአምዶቹ በአሥራ አንዱ መጨረሻ የወጣ ነው። ምላሴን ነከስኩ። እሷ ስልኳን አነሳች፣ በአውራ ጣቷ አንድ መስመር ጻፈች፣ አስቀመጠችው። የጓደኛዋን ቤተሰብ ግብዣ መለሰች ማለት ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ጓደኛዋም ወዲያው የአውራ ጣት ምልክት ላከችላት። እንደዚህም ይቻላል ለካ።

ቅዳሜ ሄድን። ሦስት መጽሐፍ አንብቤ የገባሁት እኔ ጫማውን ለመቆለፍ ሁለት ሰው አስፈለገኝ። ልጄ የሕፃናቱ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ሁለት እጄን ይዛ፣ «ፒዛ! ፒዛ ሥሪ!» ትለኛለች፤ የእግርሽን ጫፍ ወደ ውስጥ ግጠሚና ቁሚ ማለት ነው። በአንዱ መጽሐፌ ገጽ አርባ አንድ ላይ ሌላ ስም ነበረው። የአራት ዓመት ልጆች እየዘፈኑ በአጠገቤ ያልፋሉ። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ወደቅሁ። ከሰዓት በኋላ ልጄ «አሁን ወደ ላይ መውጣት ትችያለሽ» አለችና ወንበሩ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ወንበሩ ሲነሳ እግሬ ሥር ያለው መሬት ሸሸ። ልጄ ግን እሱን አላየችም።

«ማም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትቆጪ።»

«እሺ።»

«ፋርማሲ አልማርም።»

ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ፋርማሲስት እንደምትሆን ለዘመድ ሁሉ ነግረናል። እሷም ሰው ሲጠይቃት በእሺታ አንገቷን ትነቀንቅ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ሁልጊዜም። ለዚህ ነው ስኪ እንሂድ ያልኩሽ። ቤት ልነግርሽ ስል ስልክ ይጮኻል፣ ሰው ይመጣል፣ ወይ አንቺ ተነስተሽ ሰሃን ታጥቢያለሽ። እዚህ የትም አትሄጂም።»

ወደ ታች አየሁ። እውነቷን ነው።

«ታዲያ ምን ልትማሪ ነው?»

አፏን ስትከፍት ጫፉ ላይ ደረስን። በዚህ ጊዜ የስኪውን ጫፍ ከፍ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ መነሳት ነው፤ ከሦስቱም መጻሕፍት በቃሌ ይዤዋለሁ። እኔ ግን የማየው አፏን ነበር። በአፍንጫዬ ተደፋሁ። ወንበሩ ጭንቅላቴን አልፎ ሄደ፤ አንድ ሰው ጮኸ፤ ማሽኑ ቆመ።

ቀና ስል ከኋላችን ያለው መስመር በሙሉ ሰው እንደያዘ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አባት ከልጁ፣ ጥንዶች፣ እግራቸውን የሚያወዛውዙ ኮረዶች፤ ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። ማሽኑን የምትቆጣጠረው ሴትዮ ከጎጆዋ ወጥታ «ደህና ነዎት?» ትላለች። ልጄ በሁለት እጇ ክንዴን እየጎተተች ነው።

«ተነሺ ማም፣ ተነሺ! ሰው እየጠበቀ ነው! ሁሉም እያየን ነው፣ ምን ይሉናል!»

ድምፁን አወቅሁት፤ የራሴ ነው።

«ይጠብቁ» አልኳት። «ምን ልትማሪ ነው?»

ወደ ተንጠለጠለው ሰው አየች፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ አጠገቤ በረዶው ላይ ተንበረከከችና ነገረችኝ። አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ መለሰችልኝ። ሁለተኛም ጠየቅኋት። ሴትዮዋ «እመቤቴ፣ እባክዎ» ስትል ነው የተነሳሁት።

ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም። ለአባቷ ገና አልነገርነውም።